ወሎ የተማራችሁ፦ ከግቢ ሕይወታችሁ ምን ወደዳችሁ? ምንስ መረራችሁ?

የጦሳ ጉም (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣላቸው ልጆች በውስጥ መስመር እየጻፉልኝ ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ወሎ ደርሶኛል፤ እንዴት ነው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ አቃተኝ። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት።

እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ነኝ። የግቢዬን ስም አልጠራም። ወሎ ውስጥ ደሴና ኮምቦልቻ አለ፣ ወልድያ አለ፣ መካነ ሰላምና ቱሉ አውሊያ አለ። የምናማርርበት ነገር ደግሞ ከግቢ ግቢ ብዙም አይለያይም። የማንንም ስም ማጥፋት አልፈልግም፤ አዲስ የሚመጣ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው እንዲያውቅ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። ሰዉን ነው የወደድኩት። ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) እያለሁ ታይፎይድ ጣለኝ። ከግቢ በር ወጣ ብሎ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ጋ ነበር ቁርስ የምበላው። ሦስት ቀን ስጠፋባት የዶርሜን ልጅ አስቁማ ጠየቀቻት። በማግስቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ በር ላይ ቆመች። ጥበቃው ምግብ ማስገባት አይቻልም አላት። አልሄደችም። ሰው ልካ አስጠራችኝና ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወጣሁ። «አብሽሪ ልጄ፤ እኔ አለሁልሽ» አለችኝ። አብሽሪ አይዞሽ ማለት ነው። ያን ቀን ቃሉን ገና አላውቀውም ነበር፤ ግን ገባኝ። እዚያው በሩ ስር ተቀምጬ ጠጥቼ ጨረስኩት፤ እሷም ፔርሙሱን ተቀብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመረረኝ ደግሞ የጊዜው ነገር ነው። በአራት ዓመት ያልቃል የተባልኩት ትምህርት አምስተኛውን ይዟል። የመግቢያ ቀን ይወጣል፣ ይራዘማል፣ እንደገና ይራዘማል። አንድ ዓመት አባቴ ሙዝ ሸጦ ለመንገድና ለመቋቋሚያ የቆጠረልኝን ብር ቤት ተቀምጬ ጨረስኩት። ስጠራ ሌላ ብር መበደር ነበረበት። ከዚያ ገብተን የአንድ ሴሚስተሩን ትምህርት በጥቂት ሳምንት ያሯሩጡታል። ፈተናው አለቀ ስትል ሌላ ፈተና ነው። ተማርኩ ለማለት የሚከብዱኝ ኮርሶች አሉ፤ ግሬዳቸው ግን ጥሩ ነው።

እናንተስ?

ሐረጎ ቁልቁል

እኔ ኮምቦልቻ ነው የተማርኩት። ልብስ ስታዘጋጁ ወሎ ብላችሁ በአንድ አትደምድሙት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰህ ተነስተህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትጨርስ ታወልቀዋለህ። ደሴ የደረሰው ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮት ላይ ይተኛል፤ የታጠበ ካልሲ ሦስት ቀን አይደርቅም።

ነን ካፌ

የካፌውን (የተማሪ ምግብ ቤቱን) ነገር ማን ይናገረው? እኔ ልናገር።

ለብዙ ጊዜ ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው 22 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት በ22 ብር! በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ልዩነቱን አይቻለሁ፤ ሽሮው ወፈር ብሏል፣ ዳቦውም መጠኑ ተሻሽሏል። ግን ገበያውም አብሮ ነው የወጣው። እኔ ጨጓራዬ እምቢ ሲል ነን ካፌ ወጣሁ፤ ካፌ መብላት ትቼ የምግቡን ብር በእጄ መቀበል ጀመርኩ ማለት ነው። 100 ብር በቀን ብታሰሉት በወር 3,000 ብር ነው። ለብቻህ ከሆንክ ወሩን አያዳርስም። ለአራት ከሆናችሁ ግን ይቻላል። እኛ ለአራት ሆነን ከግቢ ውጭ እንጀራ የምትጋግር እናት ይዘን በወር እንከፍላት ነበር። ወጥ በየተራ እንሠራለን። ወር ሲያልቅ ብር ካጠረን «ሲመጣላችሁ ትሰጡኛላችሁ» ትለናለች። አንድም ቀን እንጀራ ከልክላን አታውቅም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስለ ምግቡ ስንናገር «በነፃ እየበላችሁ» የሚሉን ሰዎች አሉ። ነፃ አይደለም። ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ፈርመን ነው የምንበላው፤ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን ይቆረጣል። የምከፍልበት ወጥ ውስጥ ጠጠር ሲገኝ መናገር መብቴ ነው።

ዶርም 8

ሁላችሁም የምትሉት ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ዶርማችን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስምንት ነበርን፤ በተደራራቢ አልጋ። ሦስታችን ሙስሊም፣ አራቱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት። አንዱ ከወለጋ፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ የቀረነው የወሎ ልጆች። በ2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2፣ ሰኞ። እሁድ ማታ ተቀምጠን እንዴት እንደምናደርግ ተነጋገርን። ኦርቶዶክሶቹ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ይችሉ ነበር። «አብረን እናፍጥር» ብለው እስከ መግሪብ ጠበቁን። እኛ ደግሞ ሥጋውን ተውነውና ከእነሱ ጋር ሽሮና ምስር በላን። ፕሮቴስታንቱ ልጅ ምንም አልነበረበትም፤ ግን ምሳውን ዶርም ውስጥ በልቶ አያውቅም። ለስሑር ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ማን ይቀሰቅሰን ነበር መሰላችሁ? የወለጋው ልጅ። ለጸሎት ስለሚነሳ እግረ መንገዱን እግራችንን ይጎትታል።

የወሎ ሰው ይህን ከቤቱ ያውቀዋል። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች ማግኘት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ለሌሎቹ ግን አዲስ ነበር። የሐዋሳው ልጅ ሲመረቅ ያለቀሰው ለዲግሪው አልነበረም።

የጠላሁት? ውሃ። አምስት ቀን የሚጠፋ ውሃ። ለስምንት ሰው ሁለት ጀሪካን። ስለ መጸዳጃ ቤቱ አልጽፍም፤ የኖረበት ያውቀዋል።

እናት ከጅማ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ አለቀስኩ። የኔም ልጅ እዚያው ደርሷታል። ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከጅማ ወጥታ አታውቅም። እኔ የምፈራው ምግቡንና ውሃውን አይደለም፤ መንገዱን ነው። በዜና የምንሰማው አያስተኛም። እውነቱን ንገሩኝ።

ሐረጎ ቁልቁል

እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። መንገዱ ሰላም ሆኖ የሚከርምበት ጊዜ አለ፤ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። እኔ ሁለት ጊዜ ከመሀል መንገድ ተመልሻለሁ። ስለዚህ እኛ የምናደርገውን ልንገርዎት። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ማታ አትጓዝ። ከጅማ መጥታ በዚያው ቀን አትቀጥል፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ትደርና ንጋት ላይ ትነሳ። ከመነሳቷ በፊት በማግስቱ የሚወጣ መኪና መኖሩን መናኸሪያ ትጠይቅ፤ ሾፌሮቹ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ብቻዋን አትምጣ። የየግቢው ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ከአንድ ከተማ የሚነሱት ተጠራርተው ነው የሚመጡት። አቅም ካለ ደግሞ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ።

መንገዱ ካልተረጋጋ ለግቢው ደውለው ይጠይቁ እንጂ ልጅቷን በግድ አይላኩ። 

እናት ከጅማ

እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። የወለደችህ እናት ትኑርልህ።

ኤሌክትሪካል

እኔ ላብ (ቤተ ሙከራ) ላይ ነው ቅሬታዬ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ያሉት ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ይህን አገር ያውቃል። ተመልሰን ስንገባ የክፍሎቹ መስኮት ረግፎ፣ ኮምፒውተር የነበረበት ጠረጴዛ ላይ ገመዱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያኔ ማንንም አልወቀስንም። መምህራኑም አብረውን ጠረጉ። ግን ዓመታት አለፉ። እኔ ኦሲሎስኮፕን (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳየውን መሣሪያ) በመጽሐፍ ነው የተማርኩት። ለኢንተርንሺፕ ፋብሪካ ስገባ ቴክኒሻኑ ያዘው ሲለኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የህንፃ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ላቡ መሟላት ነበረበት።

የወደድኩት ግን ይኸው ፋብሪካ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። በር አንኳኩቶ መጠየቅ ይቻላል። የማትደፍር ከሆነ ግን ማንም አይጠራህም።

ፋርማሲ የፈለገች

የኔን ማንም አላነሳውም። ፍሬሽማን ኮርስ በ2012 ከተመለሰ ወዲህ መጀመሪያ የጋራ ኮርስ ትወስዳለህ፤ ዲፓርትመንት የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ምርጫህን ትሞላለህ፣ በውጤት ይደለድሉሃል። እኔ ፋርማሲ ነበር የሞላሁት። ለጥቂት ነጥብ ቀረሁ። የደረሰኝን ዲፓርትመንት ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይቀየርልኝ ብዬ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት አንድ ወር ሄደ። አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል፤ ማንም ቁጭ አድርጎ «አይሆንም፣ ምክንያቱም» አላለኝም። ያ ነው የጎዳኝ። አይሆንም መባል አይደለም፤ ሰው ተብዬ አለመመለሴ ነው።

ፍሬሾች፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደ ማሟሟቂያ አትዩት። ዲፓርትመንታችሁ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ማታ አጥኚ

እህቴ እውነትሽን ነው። እኔ ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ላይብረሪው እስከ ሌሊት ክፍት ነው፤ በጣም ጥሩ። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ግን መብራት የለውም። አንድ ዓመት ሙሉ ጠየቅን፣ ፊርማ አሰባሰብን። አምፖል ተገጠመ፣ ተቃጠለ፣ አልተተካም። እኛ አምስት ስንሆን ነው የምንወጣው። አንዷ ማንበብ ስትጨርስ አራታችንም መጽሐፋችንን እናጥፋለን። በዚህ ምክንያት ስንት የጥናት ሰዓት እንደጠፋብን አስቡት። ወንዶች ይህን ሰዓት አይከፍሉም።

መምህር ነኝ

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ወሎ ውስጥ አስተምራለሁ። ስለ ጊዜው መሯሯጥ የተጻፈው እውነት ነው፤ እኛንም ያመናል። የአስራ ስድስት ሳምንት ኮርስ በስምንት ሳምንት ስጨርስ ያስተማርኩ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ተቀምጦ «ገብቷችኋል?» ስል ዝም ይባላል። እንግሊዝኛው እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። በአማርኛ ጠይቁኝ፣ ቢሮዬ ኑ። ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ሃንዳውት ሸምድዶ ያለፈ ልጅ እዚያ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ቤታቸው ደግሰው የጠበቁ ወላጆች ነበሯቸው።

የጦሳ ጉም

መምህር፣ እናመሰግናለን። ቢሮ መምጣት የምንፈራው ግን በከንቱ አይደለም። ፍሬሽ እያለን አንድ መምህር ጥያቄ የጠየቀችን ልጅ ክፍል ፊት አሳፈራት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ እጅ ያወጣ አልነበረም። እርስዎ እንደዚያ እንዳልሆኑ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃል። አንድ ሰው የሚዘጋውን በር ግን ሌሎቹ ለመክፈት ብዙ ይፈጅባቸዋል።

መምህር ነኝ

ልክ ነሽ። ይህን ለባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ።

የሐይቅ ሰው

እኔ ተማሪ አይደለሁም። ሃምሳ ዓመቴን አልፌአለሁ፤ የሐይቅ ሰው ነኝ። ልጄ ስልኳን ሰጥታኝ ነው ያነበብኩት።

ሻይ ሻጯ አጥሚት ይዛ ስለቆመችው፣ እንጀራ ጋጋሪዋም ስለታገሰቻቸው የጻፋችሁት አስገረማችሁ። እኔን አልገረመኝም። እዚህ አገር ተማሪ ማብላት ዛሬ አልተጀመረም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከእኛ ከተማ አጠገብ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ወደ ዳና ብትሄዱ ደግሞ ትልልቅ ሼሆች ኪታብ ያቀሩበት አገር ነው፤ ደረሳው (የእስልምና ትምህርት ተማሪው) ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። የቆሎ ተማሪም ሆነ ደረሳ ከቤቱ ስንቅ ይዞ ዓመት አይከርምም። ያበላው የነበረው መንደሩ ነው። አያቴ ሙስሊም ነበረች። በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያለ ተማሪ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። «የተማሪ ዱዓ ይደርሳል» ትል ነበር።

እና ልጆቼ፣ እናንተም ተማሪ ናችሁ። ዩኒቨርሲቲ ተባለ እንጂ ከሩቅ መጥቶ የሰው አገር የሚማር ልጅ ያው ልጅ ነው። ስትቸገሩ አትፈሩ። የሰው በር አንኳኩ።

ነን ካፌ

አባቴ፣ ይህን ሳነብ ያቺ እንጀራ ጋጋሪ እናት ታወሰችኝ። ስሄድ የአንድ ወር ቀሪ ነበረብኝ። ሳልከፍላት ቆየሁ። ነገ እልክላታለሁ።

ዶርም 8

ነገ አትበል ወንድሜ፣ ዛሬ ላክ። ስልኳ ከጠፋብህ እኔ ደሴ ነኝ፤ ቤቷን ንገረኝና ሄጄ እሰጥልሃለሁ።

ማታ አጥኚ

ሐይቅን ካነሳችሁ አይቀር፦ ከደሴ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ፈተና ስንጨርስ ስድስት ሆነን ሄድን። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ወንዶቹ ሲገቡ እኛ ሐይቁ ዳር ቀረን። ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ግሬድ ያላወራንበት ቀን ያ ብቻ ነበር። ለፍሬሾች የምለው፦ ከግቢ ውጡ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሂዱ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሲገበያይ ታያላችሁ። ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን እዩ። ዶርም ተቀምጦ ወሎን አየሁ ማለት አይቻልም።

ጤና ተማሪ

አጭር ልጻፍ፤ ተረኛ ነኝ። የኔ ደስታ በሽተኞቹ ናቸው። ክሊኒካል ስንጀምር የመጀመሪያዬን ደም ስወስድ ሁለቴ ስቼ ወጋኋቸው። የገጠር አዛውንት ነበሩ። እጃቸውን አልነጠቁኝም። «ወጋ አድርገህ ተማር ልጄ፤ በኔ ተምረህ ሌላውን ታድናለህ» አሉኝና መረቁኝ። ሦስተኛው ላይ አገኘሁት። እንዲህ የሚል ሰው ባለበት አገር መማር ዕድል ነው።

የጠላሁት፦ ጓንት ራሳችን ገዝተን የገባንባቸው ቀናት።

አዲስ ገቢ

ሰላም። እኔ ከጅማ ነኝ፤ ከላይ የጻፈችው እናቴ ናት። ሁሉንም አብረን አነበብን። እማዬ አሁን ትንሽ ተረጋግታለች። እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። ሲጠሩን ማንንም ሳላውቅ መናኸሪያ ስወርድ ምን አደርጋለሁ? ሻንጣዬ ከባድ ነው። ደግሞ ጥያቄው ሞኝነት ከሆነ ይቅርታ።

የጦሳ ጉም

ሞኝነት አይደለም እህቴ፤ እኔም ይህንኑ ነበር የፈራሁት። የመግቢያ ቀን ላይ ሲኒየሮች መናኸሪያ ቆመው ፍሬሾችን ይቀበላሉ። ሻንጣሽን ይሸከሙልሻል፣ መኪና ላይ ያሳፍሩሻል፤ ብር አትክፈያቸው። የተማሪ መታወቂያቸውን ግን እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። የማትሪክ ካርድሽንና የትምህርት ማስረጃሽን ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ፤ በእጅ ቦርሳ ያዢው። ኮፒውን ቤት አስቀሪ። ለጀሪካን ቦታ አትያዢ፤ እዚህ እንገዛለን።

ግቢው የመግቢያ ቀኑን ሲያሳውቅ ጻፊልኝ። እስከዚያ ካልተመረቅኩ እኔው እቀበልሻለሁ። ከተመረቅኩም የዶርሜ ልጆች አሉ።

ዶርም 8

መሸት ብሎ ከገባሽ ደግሞ እኛ ቤት ትደሪያለሽ። እናቴ ጽሑፉን አንብባ «አምጣት» ብላለች።

አዲስ ገቢ

አመሰግናለሁ። ለእማዬ አነበብኩላት። ብርድ ልብሱን አሁኑኑ ልትገዛ ወጣች።